ዋይቲንግ ሲያልቅ ምን ይተካዋል? የከፍተኛ እሳት ግሌዝ ለሚቀላቅሉ የንጽጽር መመሪያ

ባልዲው ላይ የተለጠፈው ወረቀት አጭር ነው። ፌልድስፓር 40፣ ሲሊካ 30፣ ዋይቲንግ 20፣ ካኦሊን 10። ሜሪላንድ ውስጥ በምሠራበት የጋራ ስቱዲዮ አንድ ቅዳሜ ይህን ግሌዝ፣ ማለትም ሸክላ ላይ ተቀብቶ እሳት ውስጥ ብርጭቆ የሚሆነውን ሽፋን፣ ልቀላቅል ተነሣሁ። ዋይቲንጉ ከጣሳው ሥር አንድ ማንኪያ ብቻ ቀርቷል። አጠገቡ ዎላስቶናይት የሚል ከረጢት አለ። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። ሁለቱም ካልሲየም እንደሚሰጡ ሰምቻለሁ። በቃ፣ 20ውን በ20 ተካሁና ስድስት የወጥ ሳህን ነከርኩበት።

ሳህኖቹ ከእቶን ሲወጡ እንደ እንቁላል ቅርፊት ደርቀዋል። ጥፍሬን ሳስኬድባቸው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ግሌዙ አልቀለጠም። የስድስት ሳህን ልፋት ገደል ገባ።

የተበላሸው ነገር በኋላ ስሌቱን ስሠራው ገባኝ። ዱቄቶቹ እሳት ውስጥ በስማቸው አይቆዩም። ዋይቲንግ ማለት የላመ የኖራ ድንጋይ ነው። ሲሞቅ ከክብደቱ 44 በመቶው ጋዝ ሆኖ ይበርና 56 በመቶው ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ካልሲየም እለዋለሁ። ስለዚህ 20 ዋይቲንግ የሚሰጠው 11.2 ካልሲየም ነው። ዎላስቶናይት ደግሞ ግማሹ ካልሲየም፣ ግማሹ ሲሊካ ነው ማለት ይቻላል፤ በትክክል 48ና 52። የእኔ 20 ዎላስቶናይት 9.7 ካልሲየም ብቻ ሰጠ፤ ማንም ያልጠየቀውን 10.3 ሲሊካም ይዞ መጣ። የሚያቀልጠው ቀነሰ፣ የሚያጠነክረው ጨመረ።

እንግዲህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። ይህ ዱቄት እሳቱ ውስጥ ምን ትቶ ይቀራል? ስሙ፣ መልኩ፣ ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ለምሳሌ የምጠቀመው ይህንኑ ባለ አራት ዱቄት ግሌዝ ነው። ሸክላ ሠሪዎች 4-3-2-1 ይሉታል። ስሙ የሚያያዘው ከእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ጋር ነው፤ በ1920 ከጃፓናዊው ሾጂ ሐማዳ ጋር ኮርንዎል ውስጥ ሴንት አይቭስ ላይ ወርክሾፕ የከፈተው ሰው። ግሌዙ ከኮን 8 እስከ ኮን 10 ይሠራል፤ ኮን የእቶን ሙቀት የሚለካበት ደረጃ ነው። ኮን 10 እንደ አነዳዱ ፍጥነት 1285 እስከ 1305 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እቶናችሁ ኮን 6 ላይ የሚያበቃ ከሆነ ይህ ግሌዝ አይቀልጥላችሁም። እዚያ በዝቅተኛ ሙቀት የሚያቀልጥ ቦሮን ያስፈልጋል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

የአራቱ ሥራ በአጭሩ ይህ ነው። ሲሊካ ብርጭቆው ራሱ ነው። ካልሲየም ያቀልጠዋል። ፌልድስፓር ሁለቱንም ይሠራል፤ ሲሊካም አሉሚናም፣ የሚያቀልጡ ሶዲየምና ፖታሲየምም አሉት። ካኦሊን አሉሚና ሰጥቶ ግሌዙ ከዕቃው ላይ እንዳይፈስ ይይዘዋል፤ ባልዲው ውስጥም ዱቄቱን አንሳፍፎ ያቆየዋል።

የካልሲየም ምርጫ

ምርጫው የበዛው እዚህ ነው፤ ስህተቱም የበዛው እዚሁ ነው።

ዋይቲንግ ርካሽ ነው፤ በየዕቃ መሸጫው ይገኛል። እንከኑ ያ የሚበርረው ጋዝ ነው። ግሌዙ መቅለጥ ከጀመረ በኋላ የሚወጣ ጋዝ ካለ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ነጥቦች ጥሎ ያልፋል። ቀስ ብሎ ለሚነድ እቶን ይህ ብዙም አያሳስብም፤ ጋዙ ቀድሞ ይወጣል። ለሚቸኩል ግን ያሳስባል።

ዎላስቶናይት ጋዝ የለውም። ለዚህ ነው ቀዳዳ ያስቸገራቸው ሰዎች ወደሱ የሚዞሩት። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ቅንጣቱ እንደ መርፌ ረዘም ያለ ስለሆነ ውሃ ውስጥ እየተጓጎለ ያስቸግራል፤ ሁለቴ በወንፊት ማሳለፍ ግድ ነው። ትክክለኛው ልውውጥ እንዲህ ነው። ዋይቲንግ 20 ወጥቶ ዎላስቶናይት 23 ይገባል፤ ሲሊካው ከ30 ወደ 18 ይወርዳል። ፌልድስፓር 40፣ ካኦሊን 10 እንዳሉ ይቆያሉ። ድምሩ 91 ነው የሚመጣው። አትደንግጡ። የጎደለው 9 ያ ከዋይቲንግ ሊበርር የነበረው ጋዝ ነው። ከእቶን የሚወጣው ብርጭቆ አንድ ዓይነት ነው።

ዶሎማይት ካልሲየምና ማግኒዥየም እኩል ለእኩል የያዘ ድንጋይ ነው። በአቅላጭነት ሲቆጠር 18.4 ዶሎማይት የ20 ዋይቲንግን ያህል ይሆናል። ግን ሙሉ በሙሉ አትተኩበት። ማግኒዥየም ሲበዛ ግሌዙ ይደነድንና ብርሃኑን ያጣል። እኔ የምወደው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ዋይቲንግ 10፣ ዶሎማይት 9። መስታወትነቱ ለዘብ ብሎ እጅ ላይ እንደ ቅቤ ይሆናል። ኮባልት ከጨመራችሁበት ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ያደላል። ለቡና ስኒ ከዋይቲንጉ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ለወጥ ሳህን ግን የሚያብለጨልጨው ይሻላል። ማንኪያ ለዘብ ያለ ግሌዝ ላይ ጥቁር ጭረት ይተዋል።

ወደ ሰፈር እንመለስ። ኖራ ቤታችሁ ካለ ይሠራል? ይሠራል። የተቦካ ኖራ ካልሲየሙ ከዋይቲንግ በክብደት ይበዛል፤ ለ20 ዋይቲንግ 15 ያህል ይበቃል። ግን ቆዳ ይበላል፤ ጓንት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ዋይቲንግነት ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ የመዘናችሁት ከወር በኋላ ከምትመዝኑት ጋር አይገጥምም።

ጠመኔስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዋይቲንግ ከተፈጥሮ ጠመኔ ይሠራ ስለነበር ብዙ ጽሑፎች ጠመኔ ነው ይሉታል። የትምህርት ቤት ጠመኔ ግን ብዙ ጊዜ ጂፕሰም ነው፤ ያው የጀሶ ቤተሰብ። ጂፕሰም በእሳት የድኝ ጋዝ ይለቅቃል፣ ግሌዙን በአረፋ ያበላሻል። ባልዲውንም እንደ አጃ ገንፎ ያረጋዋል። የመለያ ዘዴው ቀላል ነው። ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ከተንፈቀፈቀ ካርቦኔት ነው። ዝም ካለ ተዉት። የእንቁላል ቅርፊት ይንፈቀፈቃል፤ ሽፋኑ ተገፎ በደንብ ከላመ ዋይቲንግ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ኪሎ ለማግኘት ስንት ቁርስ እንደሚያስፈልግ አስቡት እንጂ።

አመድ

አመድን ከዋይቲንግ ተራ አላስቀመጥኩትም፤ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። የእንጨት አመድ በብዛት ካልሲየም ነው፤ ፖታሲየም፣ ማግኒዥየምና ፎስፈረስም አለበት። ለዚህ ነው ለብቻው እንኳ ኮን 10 ላይ ቀልጦ ጭቃውን የሚያረጥበው። የጃፓንና የቻይና ሸክላ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሠሩበት ነው።

ችግሩ፣ አመድ አንድ ነገር አይደለም። የባሕር ዛፍ አመድና የግራር አመድ ይለያያሉ። የግንዱና የቅጠሉም ይለያያል። የሳርና የጭድ አመድ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ሲሊካ ይበዛበታል፣ አቅላጭነቱ ይቀንሳል። የሩዝ ፍሬ ቅርፊት አመድ ከዘጠና በመቶ በላይ ሲሊካ ሊሆን ይችላል። እሱን ዋይቲንግ ቦታ ብታስገቡት የእኔን የደረቀ ሳህን ታገኛላችሁ። የሲሊካ ቦታ ነው የሚገባው።

አመድ ስትጠቀሙ 4-3-2-1ን አትነካኩ። በራሱ ቀመር ሥሩት፤ አመድ 2 እጅ፣ ፌልድስፓር 2 እጅ፣ ሸክላ አፈር 1 እጅ። ከአንድ ምድጃ ብዙ አመድ ሰብስባችሁ አንድ ላይ አደባልቁ። በትንሽ በትንሹ ካመጣችሁ በየሳምንቱ ሌላ ግሌዝ ነው የሚወጣችሁ።

ይታጠብ ወይስ አይታጠብ? ሁለቱም መንገድ ነው። ያልታጠበው በውሃ የሚሟሟ ፖታሽ ስላለው ይበልጥ ያቀልጣል፤ ግን ውሃው ልክ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ እጅ ያቃጥላል፣ ባልዲው ውስጥ ሲቀመጥም ይለዋወጣል። የታጠበው የተረጋጋ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አጥባለሁ፤ ላዩ ላይ የጠራውን ውሃ አፍስሼ የቀረውን አደርቃለሁ። ፊት ላይ ሸርተት እያሉ የሚወርዱ የአመድ መስመሮች ያምራሉ። ሥሩ ድረስ ከወረዱ ግን ዕቃው ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል። ሥሩን ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዉ፤ ከሥሩም የተጠበሰ የጭቃ ቂጣ አስቀምጡ።

ፌልድስፓር

ፌልድስፓር ላይ ሰው የሚጠይቀው የፖታሽ (ፖታሲየም የሚበዛበት) ነው ወይስ የሶዳ (ሶዲየም የሚበዛበት) የሚለውን ነው። አንዱን በአንዱ እኩል በእኩል መተካት ብዙ ጊዜ ጥፋት አያመጣም። የሶዳው ቶሎ ይቀልጣል፣ የበለጠም ይፈስሳል። የመዳብ ቀለምን ወደ ሰማያዊ ይወስዳል። የፖታሹ ወፈር ያለ ነው፤ እሳቱ ትንሽ ቢያልፍም ቦታውን አይለቅም። ለጀማሪ የፖታሹን እመክራለሁ። ሶዳ ሲበዛ ሌላም ጣጣ አለ። ግሌዙ ሲቀዘቅዝ ከጭቃው በላይ ይኮማተርና እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ማስቀመጫ ላይ ያምራል። ወጥ የሚገባበት ሳህን ላይ ግን ዘይትና በርበሬ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አይለቅም።

ኔፈሊን ሳይናይት ከፌልድስፓር ጎን ይደረደራል እንጂ ፌልድስፓር አይደለም። አልካሊው (ሶዲየምና ፖታሲየሙ) እና አሉሚናው ይበዛል፣ ሲሊካው ያንሳል። እኩል በእኩል ከተካችሁት ግሌዙ ልክ ያጣል። ለ40 ፌልድስፓር 29 ኔፈሊን በቂ ነው፤ የጎደለውን ሲሊካ ለመሙላት 10 ሲሊካ ጨምሩ። ቀመሩ እንግዲህ ኔፈሊን 29፣ ሲሊካ 40፣ ዋይቲንግ 20፣ ካኦሊን 10 ይሆናል። አልካሊውም አሉሚናውም ከበፊቱ ጋር ይቀራረባል። አብዛኛው አልካሊ ሶዲየም ስለሆነ ግን የስንጥቁ ነገር ይኖራል።

ፌልድስፓር የማዕድን ቦታ ስም ይዞ ነው የሚሸጠው። ቦታው ሲዘጋ ስሙም ይጠፋል። ጂ-200 የሚባለው የአሜሪካ ፌልድስፓር እንዲሁ ቀርቷል፤ ስንት ቀመር ላይ ግን ዛሬም ተጽፎ ይገኛል። የድሮ ቀመር ስታገኙ የማታውቁት ስም ካለ ተስፋ አትቁረጡ። የፖታሽ ወይስ የሶዳ እንደነበረ ብቻ አጣሩ፤ ከዚያ ያላችሁን ተኩ።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ድንጋዩ እግራችሁ ሥር ነው። ጉጂ ውስጥ ቦምቦዋ ላይ ካኦሊን አለ። እዚያው ጉጂ ያለው ቀንጢቻ በታንታለምና በሊቲየም ድንጋዩ ይታወቃል። በስምጥ ሸለቆ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ እንደ ፌልድስፓር ሶዳም ፖታሽም አሉሚናም ሲሊካም አለው። ብረት ስላለበት ነጭ ግሌዝ አይሆንም። ቡናማና አረንጓዴ ለሚፈልግ ግን የተሰጠ ነው።

ሲሊካ

እዚህ ብዙ ምርጫ የለም። የላመ ኳርትዝ ግዙ። በባለ 325 ወንፊት ያለፈው በባለ 200 ካለፈው ይበልጥ የላመ ስለሆነ ቶሎ ይቀልጣል፤ ልዩነቱ ሲቸግር ብቻ ነው የሚታየው። የወንዝ አሸዋ አይሆንም፤ ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ሳይቀልጥ ይቀራል። የጠርሙስ ስባሪ ፈጭተው ሲሊካ ቦታ የሚያስገቡ አይቻለሁ። ጠርሙስ ሲሊካ ብቻ አይደለም፤ ሶዳና ካልሲየም ስላለበት አቅላጭ ነው። ግሌዙን ያፈስሰዋል።

አቧራው ግን ቀልድ አይደለም። የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ቢያንስ ኤን 95 ማስክ አድርጉ። ወለሉን በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ።

ካኦሊን

ካኦሊን በሌላ ነጭ ሸክላ ሊተካ ይችላል፤ ለምሳሌ ቦል ክሌይ በሚባለው። ቦል ክሌይ ይበልጥ ይጣበቃል፣ ባልዲው ውስጥም በደንብ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ትንሽ ብረትና ታይታኒየም አለበት። ሴላዶን የምትሠሩ ከሆነ ይህቺ ትንሽ ነገር ትጎዳለች። ሴላዶን ማለት ግሌዙ ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብረት ጨምሮ፣ አየር በታፈነ እሳት የሚወጣ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ታይታኒየም ሲገባበት ሰማያዊው ይሞትና የደፈረሰ አረንጓዴ ይሆናል። ብረቱ 8 እስከ 10 ለሚሆንበት ጥቁር ቡናማ ግሌዝ ግን ማን ያየዋል? ቦል ክሌዩን ተጠቀሙ።

ሸክላ ከ20 ወይም ከ25 በመቶ በላይ የሆነበት ቀመር ካጋጠማችሁ ግሌዙ ሲደርቅ ይሰነጠቅና እሳት ውስጥ እየተሸበለለ ጭቃውን ባዶ ይተወዋል። መፍትሔው ከካኦሊኑ ግማሹን ቀድሞ መጥበስ ነው። 100 ጥሬ ካኦሊን ሲጠበስ 86 ይሆናል፤ ስትተኩ በዚህ ልክ መዝኑ። ሁሉንም ከጠበሳችሁት ደግሞ ዱቄቱ እንደ ድንጋይ ባልዲው ሥር ይቀመጣል። 4-3-2-1 ራሱ ካኦሊኑ 10 ብቻ ስለሆነ ይህ ጠባይ አለው። 2 በመቶ ቤንቶናይት፣ ዱቄቱን አንሳፍፎ የሚይዝ በጣም የላመ ሸክላ፣ ከደረቁ ዱቄት ጋር ቀላቅሉበት፤ ውሃ ከገባ በኋላ ከጨመራችሁት ይጓጉላል።

ቀለምና ጥቂት ሌሎች

በዚህ ላይ አልዘገይም። የኮባልት ኦክሳይድ ካጣችሁ ካርቦኔቱን አንድ እጅ ተኩል አድርጉ። መዳብም ካርቦኔቱ ከኦክሳይዱ ይበዛል፤ ወደ 1.4 እጅ። ነጭ ለማድረግ ቲን 5 የሚሠራውን ዚርኮን 10 ይሠራል። ቲን በጣም ውድ ነው። ነጩ ግን ለስለስ ያለ ነው፤ የዚርኮኑ ነጭ የመታጠቢያ ቤት ይመስለኛል። ከቲን ግሌዝ አጠገብ ክሮም ያለበት ዕቃ አታስገቡ፤ ነጩ ሮዝ ይሆንላችኋል። ዚንክ ደግሞ አየር በታፈነ እሳት ተንኖ ስለሚጠፋ ለዚያ እቶን አይሆንም።

ባሪየም ካርቦኔት ያለበት ቀመር ካገኛችሁ መርዝ መሆኑን እወቁ፤ ድሮ ለአይጥ ይሰጥ ነበር። ስትሮንቲየም ካርቦኔት በሦስት አራተኛው ክብደት ይተካዋል፤ ለ20 ባሪየም 15 ስትሮንቲየም። ቀለሙ ሙሉ ለሙሉ አንድ አይሆንም፤ በተለይ የመዳቡ ሰማያዊ። እኔ ቀለሙ ይቅርብኝ ብያለሁ።

አሞካከር

የቱንም ስትተኩ ባልዲ ሙሉ አትሥሩ። 100 ግራም በአንድ ኩባያ ይበቃል። ውሃውን ሳትለኩ አታፍስሱ፤ 80 ግራም ጀምራችሁ የክሬም ያህል እስኪሆን ጨምሩ። ባለ 80 ወንፊት ሁለቴ አሳልፉ። የሙከራ ገሉ ቆሞ መቃጠል አለበት፤ የተኛ ገል ግሌዙ እንደሚፈስ አያሳይም። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቃጥሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

ቁጥሩን በማርከር አትጻፉ። ማርከር ተቃጥሎ ይጠፋል። ይህንንም ያወቅኩት አሥራ አራት የሚያማምሩ ገሎች ከእቶን አውጥቼ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ስቀር ነው። በምስማር ጫሩት፤ ወይም የብረት ኦክሳይድ በውሃ አሟሙታችሁ በብሩሽ ጻፉ።

ያለፈው ክረምት የእናቴ ጀበና ተሰበረች። ገሉን አልጣልኩም። የአገራችን ጀበና በዝቅተኛ እሳት ነው የሚጠበሰው። ያን ዓይነት ቀይ አፈር 1290 ዲግሪ ብታደርሱት ቅርፁን ትቶ ይተኛል። እንግዲያው ዕቃ ሊሆን ካልቻለ ግሌዝ ይሁን ብዬ በሙቀጫ ወቀጥኩት፤ በወንፊት ነፋሁት። የአሥር ዓመት ቡና የጠገበ ዱቄት ነው።

ሦስት ኩባያ ሠራሁ። በመጀመሪያው ካኦሊኑን አውጥቼ 10 ገል አስገባሁ። በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 30። ገሉ ራሱ ሲሊካ ስላለው ሲሊካውን ከ30 ወደ 24፣ ከዚያም ወደ 18 አወረድኩ። የተጠበሰ አፈር ስለማይንሳፈፍ ቤንቶናይት ጨመርኩ። አየር በታፈነ እሳት ኮን 10 ወጡ። የመጀመሪያው ገረጣ ያለ ግራጫ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው የወይራ ቅጠል። ሦስተኛው ጠርዙ ላይ የማር ቀለም አውጥቶ፣ ሥሩ ላይ አንዲት ወፍራም ጠብታ አንጠልጥሎ ቆሟል።

ሦስተኛውን ለእናቴ አሳየኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ተነሥታ አዲሱን ጀበና ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ እኔ በማልደርስበት በኩል አስቀመጠችው።